ሹሙ ጋ የቀረው ማህተም

ኤሰን፣ ጀርመን
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018

ለዳሶል፣

ይቺ ደብዳቤ ጤና ሆነሽ፣ እግርሽ ሞቆ፣ ሆድሽ ጠግቦ ታግኝሽ። ስሜን ሰምተሽ ይሆናል እንጂ አታውቂኝም። ማልሱን ነኝ፣ ያያትሽ የቦንግጉ ያጎት ልጅ። አባትሽ ሳይወለድ በነርስነት ወደዚህ መጥቼ እዚሁ አርጅቻለሁ። ትምህርት ትተሽ ከኡልሳን ወደ ባምጎል፣ አያትሽ ቤት እንደገባሽ እናትሽ ነግራኛለች። አልቆጣሽም፤ ለመቆጣት ሩቅ ነኝ።

ጋሼ ቦንግጉ እንዴት ነው? አሁንም የመንደሩ ሹም እሱ ነው? ደህና ይበላል? ነገርስ ይረሳል?

አንድ ነገር ደግሞ። በሱ ክፍል፣ ከመስኮቱ ስር ባለው መሳቢያ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነበረ። የመንደሩ ሰው በፊርማ ፋንታ የሚመታው የየራሱ የስም ማህተም ሁሉ የሚቀመጠው እዛ ነው። ሰው ማሳ ላይ እያለ ወረቀት ከመጣ ሹሙ ይመታለታል፤ አንቺ ከተማ ስላደግሽ ነው የምነግርሽ። እኔም ስሄድ የኔን እዛው ትቼው ነው የሄድኩት። ሳጥኑ አሁንም አለ?

ስልክ አትደውዪ፣ ጆሮዬ ልክ አይደለም። ጻፊልኝ። እንደጻፍኩልሽ ደግሞ ለሱ አትንገሪው። ሽማግሌ ነው፣ በከንቱ ያስባል።

ያሰብሽው ይሙላልሽ።
ማልሱን

—

ባምጎል
ፌብሩዋሪ 27

ለእማማ ማልሱን፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ ጋ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ ጆሮዎንም ይመልስልዎ። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ፣ አሁን ወደ ነገሩ።

«ለሱ አትንገሪው» ይላሉ። ለምን? እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት እኮ አስተማሪው «እነማን እንዳጨሱ በሚስጥር ንገሪኝ» ሲለኝ የወለል መወልወያውን ባልዲ አናቱ ላይ ስለደፋሁበት ነው። ስለላ አይሆንልኝም። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ የርስዎ ደብዳቤ ባይመጣም አያቴን እኔ ራሴ መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ስለዚህ አልነገርኳቸውም። ለርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎ።

አዎ፣ አሁንም ሹም ናቸው። በየዓመቱ መጨረሻ መንደሩ ይሰበሰባል፣ አሳማ ይቀቀላል፣ የሩዝ ጠላ ይቀዳል። አያቴ ተነስተው «ዘንድሮስ በቃኝ፣ ወጣት ፈልጉ» ይላሉ። ወጣት የሚባሉት ሰባ ዓመታቸው ነው። ከዛ ይጨበጨባል፣ አለቀ፣ እንደገና እሳቸው። ጠዋት ወፍ ሳይንጫጫ በድምፅ ማጉያው «አህ፣ አህ፣ ይሰማል?» ይላሉ። ሙታንም ሳይሰሙ አይቀሩም! የማን ውሻ እንደጠፋ፣ የክትባት መኪና መቼ እንደሚመጣ፣ የማን ልጅ ስራ እንደያዘ ይለፍፋሉ። ከዛ የአሮጊቶቹን ቴሌቪዥን ሊያስተካክሉ ይዞራሉ። በሰማንያ አራት ዓመታቸው የእማማ ጎቻንግ ጣራ ላይ ወጥተው ቆርቆሮ ሲመቱ አገኘኋቸው። (እማማ ጎቻንግ ጎረቤታችን ናቸው። ከጎቻንግ ተድረው ስለመጡ ሰው የሚጠራቸው በሀገራቸው ነው፣ ስማቸውን እሳቸውም የሚያስታውሱት አይመስለኝም።) «ኧረ ይውረዱ!» ብዬ ስጮህ «ሹም ነኝ እኮ» አሉኝ። ጣራው ሹም መሆናቸውን ያውቅ ይመስል።

ጥሩ ሰው ናቸው አይደል? እኔም እንደዛ ነበር የማስበው።

አሁን ይስሙኝ። ከመንደሩ ጀርባ ያለውን ኮረብታ አንድ የድንጋይ ፈጪ ድርጅት ይፈልገዋል። አቶ ጁ የሚባል ሰውዬ ልኳል፤ ጫማው ከፊቱ ይልቅ ያበራል። በጥር አንድ ካርቶን ሙሉ የፒር ፍሬ ይዞ መጣ፣ ከአያቴ ጋር ሲጠጣ ዋለ። እኔን ሲጋራ ግዢ ብለው ላኩኝ፣ አያቴ ሲጋራ አያጨሱም። ከዛ ቀን ወዲህ «ግማሹ መንደር ተስማምቶ ማህተሙን መቷል» የሚል ወሬ አለ። ማን ነው የመታው? ሰዉን አንድ በአንድ ብጠይቅ ሁሉም ወደ ሰማይ ያያል።

ዛሬ መሳቢያውን ከፈትኩት። ሳጥኑ የለም።

ደግሞ አያቴ በየሁለት ቀኑ አንዷን አሮጊት በአውቶብስ ይዘው ወደ ወረዳ ጽህፈት ቤት ይሄዳሉ። ሲመለሱ በርበሬ ማድረቂያው ቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ። በዚህ ወር ምን በርበሬ አለ? ከውስጥ ሽርክ ሽርክ ሽርክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ስጠይቃቸው «ማጭድ እየሳልኩ ነው» ይሉኛል። ማጭዱ ግን ውጭ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ዝጓል።

እርስዎስ ሳጥኑን ምን ፈለጉት?

ዳሶል

—

ኤሰን
ማርች 10

ለዳሶል፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ አይድረቅ። ቸኮሌት ልኬልሻለሁ፣ ለብቻሽ ብዪው።

ጎበዝ ነሽ፣ ዓይንሽ ያያል። እዛ ማድረቂያ ቤት ገብተሽ የኔን ማህተም ፈልጊልኝ። ከቴምር ዛፍ እንጨት የተሰራ ነው፣ አባቴ ነው ያስቀረጸልኝ። ስታገኚው በጨርቅ ጠቅልለሽ በፖስታ ላኪልኝ። የአባቴ ማስታወሻ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቶሎ ይሁን። ለሱ አትንገሪው።

ማልሱን

—

ባምጎል
ማርች 24

ለእማማ ማልሱን፣

ጤና ይስጥልኝ። ቸኮሌቱ ደርሶኛል፣ ጥሩ ነው። ጉቦ ከሆነ ግን ትንሽ ነው።

መጀመሪያ «ሳጥኑ አለ ወይ» አሉኝ። አሁን ደግሞ «ማህተሜን ሰርቀሽ ላኪልኝ፣ ቶሎ» አሉኝ። የአባት ማስታወሻ ይህን ሁሉ ዘመን ሳያስፈልግዎ ኖሮ በዚህ ወር ምን አስቸኮለው? ትምህርት አቋረጥኩ እንጂ ጭንቅላቴን አላቋረጥኩም።

ትናንት አቶ ጁ ደግሞ መጣ። እኔ የአሳማውን አተላ ይዤ ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

«ሹሙ የሉም?» አለኝ።

«ለርስዎ የሉም።»

«ኧረ እህት፣ ምን አናደደሽ? ነገሩ እኮ አልቋል። መንደሩ ተስማምቷል። መሀሉ ላይ ላለው መሬትም ጀርመን ያሉት ባለመሬት ተስማምተዋል። ማህተማቸው ብቻ ነው የቀረው።»

«የቱ ጀርመን?»

«ማልሱን የሚባሉት እናት። በጣም ጨዋ ሴትዮ ናቸው። በሳምንት ሁለቴ እንደዋወላለን።»

ጆሮዎ ልክ አይደለም አላሉኝም? ለኔ ነው ልክ ያልሆነው?

አተላውን ጫማው ላይ ደፋሁት። ሳላስበው ነው። አይ፣ አስቤው ነው።

አሁን እኔ ሁለት ሽማግሌ መሀል ቆሜያለሁ። አንዱ በር ዘግቶ አንድ ነገር ይፍቃል፣ አንዷ ከሩቅ ሆና በቸኮሌት ትገዛኛለች። የዚህ መንደር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ከዛ ኮረብታ ስር ነው። ኮረብታው ሲፈርስ ውሃው የት ይሄዳል? እማማ ጎቻንግ ከወንዝ ሊቀዱ ነው? የርስዎስ እናት መቃብር እዛው ላይ አይደለም? አያቴ ሳሩን በየመጸው ሲያጭዱልዎ አይቻለሁ፣ እኔም ባለፈው አብሬ ተጎትቻለሁ፣ ተርብ ነድፎኛል።

እውነቱን እስኪነግሩኝ ድረስ ምንም አልልክም።

ዳሶል

—

ኤሰን
ኤፕሪል 30

ዳሶል፣

ይህን ያህል ጊዜ የቆየሁት ደብዳቤሽን ሁለቴ ቀድጄ ሁለቴ ስለለጠፍኩት ነው። እናትሽ ስላንቺ «ባለጌ ናት» ብላኝ ነበር፣ አሳንሳ ነው የነገረችኝ።

በስልክ የምሰማው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ነው። ያንቺ አያት ቤት ደግሞ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። ይኸው፣ ገባሽ?

እውነት ፈለግሽ፣ እንኪ። አቶ ጁ ደውሎ «መንደሩ ሁሉ ተስማምቷል፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሹሙ ራሱ ነው ለሁሉም የመታው» አለኝ። እኔ ደረጃ መውጣት ያቃተኝ አሮጊት ነኝ። እዛ ኮረብታ ላይ ማን ተሸክሞ ይቀብረኛል? ያንቺ አያት? የእናቴን መቃብር ድርጅቱ ጥሩ ቦታ ያዛውርልኛል፣ እኔም በሚከፈለኝ ገንዘብ እዚህ ደረጃ የሌለው ቤት እገባለሁ። መንደሩ ከተስማማ እኔ ምን ብዬ እከለክላለሁ? ወጥታ የሄደችው ልጅ ከለከለች እንዲሉኝ? ፊርማ ግን አይበቃም ይላሉ፤ መሬቱ የተመዘገበው በዛ ማህተም ነው።

ሌላም ነገር ነገረኝ። ያ የምትኮሪበት የቧንቧ ውሃ አለ አይደል፣ አያትሽ በጎልማሳነቱ ያስገባው? ቧንቧው በኔ መሬት ስር ነው የሚያልፈው አለኝ። ጠይቆኝ ያውቃል? አልጠየቀኝም። ማህተሜ ግን እሱ እጅ ነበር። እድሜውን ሙሉ ሰው «ሹማችን፣ ሹማችን» ሲለው ኖረ። እኔ በሌለሁበት በኔ ስም ምን ምን እንደመታ ማን ያውቃል? ዝም ብዬ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ማህተሜን እፈልገዋለሁ። የራሴ ነው። ከሱ እጅ ይውጣልኝ።

ለእናትሽ ሰላም በያት።
ማልሱን

—

ባምጎል
ሜይ 14

ለእማማ ማልሱን፣

እንደምን ነዎት? ሩዝ ሊተከል ነው፣ እንቁራሪቱ ሰው አያስወራም። ዛሬ ብዙ ነው የምጽፈው፣ ተቀምጠው ያንብቡት።

ደብዳቤዎን ይዤ ወደ ማድረቂያው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈትኩት በእግሬ ነው። አያቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሳጥኑ ጭናቸው ላይ ነው፣ አንድ ማህተም ሞረድ ላይ ይፍቃሉ።

«የውሸት ማህተም እየቀረጹ ነው አይደል!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «በር የሚከፈተው በእጅ ነው» አሉ።

«አያቴ፣ አይቀልዱብኝ!»

«ነይ፣ እዪ።»

ሰጡኝ። ፊቱ እንደ ጥፍር ልስልስ ብሏል። ስም የለበትም፣ ምንም የለበትም።

«የማን ነው?»

«የእማማ ጎቻንግ ነበር። አሁን የማንም አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ ያለውም እንደሱ ነው። ልትሰሚኝ ነው ወይስ መጀመሪያ የምትሰብሪው ነገር አለ?»

ሰማኋቸው። ያኔ በጥር አቶ ጁ የወረቀት ክምር ይዞ መጣ። «የዘንድሮ የማዳበሪያ ጥያቄ ነው፣ ከወረዳ ይዤልዎት መጣሁ፣ እንዳይደክሙ» አላቸው። የማዳበሪያ ወረቀት በየዓመቱ ይመጣል፣ አያቴ ለሁሉም ቤት ይመታሉ፣ ማንም ዞሮ አያየውም። ዓይናቸው ትንሹን ጽሁፍ አያነብም፣ መነጽር ማድረግ ደግሞ ሞታቸው ነው። እየጠጡ እየተጫወቱ፣ እጃቸው እንደለመደው፣ ጠብ ጠብ ጠብ አደረጉት። እማማ ጎቻንግ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ሴትየዋ ማረስ ካቆሙ ስንት ጊዜያቸው! ለሳቸው የምን ማዳበሪያ ነው? «ይሄን አንብብልኝ እስቲ» ሲሉት ሰውዬው የተመታውን ሰብስቦ፣ ጫማውን እንኳ በትክክል ሳያደርግ ወጣ።

«ስለዚህ እውነት ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ነዎት የመቱት።»

«እኔ ነኝ። የተታለልኩት እኔ፣ የመታሁትም እኔ።»

እማማ ማልሱን፣ ይሄን ሲሉ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነው። ዞር ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጀምረው ቤት ለቤት ዞረዋል። በየበሩ ጎንበስ ብለው «ማህተማችሁን ሳላነብ ለድንጋይ ፈጪዎቹ መትቼዋለሁ» ብለዋል። ከዛ የተመታውን ወረቀት የወሰዱት ሰዎች እንዳይጠቀሙበት እያንዳንዱን ባለቤት ወረዳ ወስደው ማህተሙን አሰርዘዋል፣ ሰው ሁሉ አዲስ አስቀርጾ በየኪሱ እንዲይዝ አድርገዋል። አሮጌውን ደግሞ ባለቤቱ «ፋቀው» ካላቸው በኋላ ይፍቃሉ። «ለሰው ስራ ይቅለል ብዬ የሰበሰብኩት ነው። ለሌባም አቀለልኩለት» አሉኝ።

«ታዲያ ለኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ኖሮ የሰውዬው መኪና ዛሬ መስታወት ይኖረው ነበር?»

አይኖረውም ነበር። በሱስ ልክ ናቸው።

ከዚያ ወጥቼ ቀጥታ እማማ ጎቻንግ ጋ ሄድኩ። «ያውቁ ነበር!» ስላቸው «ኤዲያ፣ ምላሴ ሊፈነዳ ነበር እኮ!» አሉ። «ሹማችን ሰውዬው እንዳይሰማ ዝም በሉ ስላለን ነው። ባሌ ሲሞት እንኳ እንደዚህ ዝም አላልኩም።» ልጃቸው ትንሽ ሆኖ ሆዱ ሲቆረጥ፣ አያቴ በትንሿ የእርሻ ትራክተር ጭነው በዝናብ ሀኪም ቤት እንዳደረሱትም ነገሩኝ። ልጁ አሁን አያት ሆኗል። «እና አንድ ጊዜ ቢሳሳትስ? እንኳን ማህተሜን፣ ጥርሴን ይፋቀው» አሉ። ጥርስ የላቸውም።

አሁን ወደርስዎ። ከሳጥኑ ውጭ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ማህተም ነበር። ስምዎ አለበት። አልተፋቀም።

«ይሄንንስ ለምን አልፋቁትም?» አልኳቸው።

«ባለቤቷ የለችማ። ማንን ጠይቄ ነው የምፍቀው?»

«ይጻፉላታ!»

«ጽፌ ምን ልበላት? ሽጪ ልበላት? አትሽጪ ልበላት? ሹም ነኝ እንጂ አባቷ አይደለሁም።»

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ስለደብዳቤዎቻችን ሁሉንም ነገርኳቸው። አትንገሪ ብለውኝ እንደነበር አውቃለሁ፣ ይቀየሙኝ። ሞረዱን አስቀመጡ። ከዛ «ማህተሟን እፈልጋለሁ ብላለች?» አሉኝ።

«ብላለች።»

«እንግዲያው ላኪላት።»

ምን እንደሆንኩ አልነግርዎትም። ጮህኩ፣ በርጩማውን ወረወርኩ። «ትመታዋለች እኮ! ውሃውን እኮ ነው! መንደሩን እኮ ነው!»

«ልትመታው ትችላለች» አሉ። «የሷ ነው።»

ስለቧንቧውም ጠየቅኳቸው። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ፣ ተከተልኳቸው። ኮረብታው ላይ እየጠቆሙ አሳዩኝ። ቧንቧው ከምንጩ ቀጥ ብሎ ይወርድና የርስዎ ድንበር ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ዙሪያውን በዓለቱ በኩል ዞሮ ነው ወደ መንደሩ የሚገባው። የርስዎ መሬት ለስላሳ አፈር ነው፣ በአካፋ ይበቃ ነበር። ዓለቱን ግን በመዶሻ ነው የፈለጡት። ያኔ እርስዎ ከተማ ቀይረው አድራሻዎ ጠፍቷል። እማማ ጎቻንግ እንደሚሉት ወንዶቹ «ማህተሟ ካንተ ጋ አይደል እንዴ? ምታውና እንገላገል!» ብለው ሹሙን ሊደበድቡት ነበር። እሳቸው «አልጠየቅኳትም» ብለው መዶሻውን ራሳቸው አነሱ።

ይኸው ማህተምዎ። የጠቀለሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ብሆን ወንዝ ውስጥ ነበር የምወረውረው። እስካሁን አላምንዎትም። ቢሆንም እድሜ ይስጥዎ።

ዳሶል

—

ኤሰን
ጁን 21

ለዳሶል፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለቤቱም ለበሩም። በሩ ካልተሰበረ።

ማህተሙ ደርሶኛል። እንዳስታውሰው አይደለም፣ ትንሽ ነው።

ለአቶ ጁ ደወልኩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «ቧንቧው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አልኩት። «በመሬትዎ መሀል ለመሀል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እኔ ብሆን እናደድ ነበር» አለኝ። «በዓለቱ በኩል ዞሮ የሚሄድስ የለም?» ስለው «ማን ነገረዎት?» አለኝ። የለም አላለኝም። ማን ነገረዎት ነው ያለው። ሰላሳ ምናምን ዓመት በሽተኛ አስታምሜያለሁ፤ መድሃኒቱን ሳይውጥ የዋጠ የሚያስመስል ሰው አውቃለሁ።

አንቺም ግን ልትዋሺኝ ትችያለሽ። ያያትሽ ወገን ነሽ፣ ውሃውንም የምትጠጪው አንቺ ነሽ። እሱም ቢሆን ቆንጆ ወሬ አብጅቶ አሳይቶሽ ሊሆን ይችላል፤ መሬት ውስጥ ያለ ነገር በጣት ሲጠቆም አይታይም። ማንንም ሳላምን ነው እዚህ እድሜ ላይ የደረስኩት፣ አሁን አልጀምርም።

ስለዚህ ራሴ እመጣለሁ። በጁላይ አጋማሽ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። ማህተሙ ኪሴ ውስጥ ነው የሚሆነው። መሬቴን ቆፍሬ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ቧንቧው እዛ ካለ፣ እዛው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ወረቀቱን እመታለሁ፣ አያትሽም ያያል። ከሌለ ግን አቶ ጁን ጥሪልኝ፤ ያንቺ የአሳማ አተላ ለሱ መጀመሪያ ነበር።

አትንገሪው ልልሽ ነበር። ንገሪው። መንደሩን ሰብስቦ ጠላ እንዳያስቀዳልኝ። አካፋ ያዘጋጅ። አንቺም አካፋ ይኑርሽ፣ እኔ ጉልበቴ ልክ አይደለም።

ማልሱን

—

ባምጎል
ጁላይ 3

ለእማማ ማልሱን፣

መንገድዎ ቀና ይሁን፣ አውሮፕላኑ ላይ እግርዎ አይበጥ። ነገርኳቸው። ማጭድ ይዘው ነበር፣ ዝገቱን እያስለቀቁ፣ አሁን የእውነት። ቀና ብለውም አላዩኝም።

«ትቆፍር» አሉ። «በሷ መሬት እንደፈለገች ትቆፍር፣ ጥልቅ አድርጋ። ከድንበሩ ወዲህ ከመጣች ግን አካፋ አይነካም፣ በእጅ ነው። ቧንቧው ያለው እዛ ነው፣ የመንደሩ ውሃ ነው።»

ዳሶል